መብራት ሲጠፋ የማትረሳዋ ማሽን

የሚረሳ ሰው ስለ ማስታወስ ሲያወራ መስማት፣ ራሰ በራ ስለ ፀጉር ቅባት ሲመክር እንደ መስማት መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም የማጫውታችሁ ስለ ማስታወስ ነውና ታገሡኝ። በመካከሉ የጀመርኩትን ሐሳብ ጥዬ ሌላ ብይዝ ክፋት አድርጋችሁ አትቁጠሩብኝ፤ የጣልኩትን ሐሳብ ያገኘ አንባቢ ካለም እንዲያቆይልኝ እለምናለሁ።

እኔ ከመስጊድ በሌላ ሰው ነጠላ ጫማ የምመለስ ሰው ነኝ። አንድ ጁምዓ እንዲያውም ግራውን ከአንዱ፣ ቀኙን ከሌላው ወስጄ፣ ሁለት ምእመናን በአንድ አንድ እግር ጫማ ቤታቸው እንዲገቡ አድርጌያለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ቲማቲም ስታስገዛኝ መግዛቴን እረሳና ደግሜ እገዛለሁ። ኮድቡር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ከተከራየናት ቤት ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ይህን ጠባዬን ስለደረሰበት፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ገዝተሃል፣ ገዝተሃል» እያለ በእጁ ይመልሰኛል። ከትርፍ ጉርብትናን ያስቀደመ ቅን ሰው ነው። አንድ ቀን ግን እውነትም ሳልገዛ መልሶኝ፣ የዚያን ዕለት ራት ያለ ቲማቲም በልተናል። ዘይነባ ለሁለት ቀን ያህል አላናገረችኝም፤ ወይም አናግራኝ ረስቼው ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ሀርጌሳ ውስጥ ለማትረሳ ማሽን ፕሮግራም እንዲጽፍ የተቀጠረው።

አገሬ ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስተምር ነበር። ወደዚህ ያመጡኝ ሀጂ መሐሙድ ናቸው። ሀጂ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ንግግራቸውን በ«አቦ» ከፍተው በ«ኢንሻአላህ» የሚዘጉ፣ በመካከሉ ያለውን ደግሞ ለአድማጩ ዕድል የሚተዉ ነጋዴ ናቸው። ማስተርስ ብቻ እንዳለኝ በተደጋጋሚ ብነግራቸውም «ዶክተር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ ደግሞ ወደ «ፕሮፌሰር» ከፍ ያደርጉኛል። ማዕረግ በዚህ ፍጥነት እንደሚገኝ ባውቅ ኖሮ ትምህርት ቤት ባልገባሁ።

ከእኔ ጋር የምትሠራው ሆዳን ናት። ሀርጌሳ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ አማርኛዋም ምላሷም ከእኔ የፈጠነ ልጅ ናት። «መምህሬ» ትለኛለች። አክብሮት ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አልለየሁም፤ እሷም የምትለየው አይመስለኝም።

ሀጂ ያችን ማሽን ከዱባይ ሲያስመጡ ያገለገለች ነበረች። ሆኖም በውስጧ ያለው ሜሞሪ እንደ ተራው ሜሞሪ መብራት በጠፋ ቁጥር የያዘውን ሁሉ የሚበትን አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የተጻፈበትን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲፈልግ በሚመጣበትና ሲያኮርፍ በሚሄድበት ሰፈር፣ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኖቻችንን ይዞ ያቆያቸው የነበረው ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን በጀርባው ላይ የሻይ ማፍያ ተሸክሞ ቀሪ ዕድሜውን በሰላም እየገፋ ነው።

ችግሩ ያለው ከሜሞሪው አይደለም፤ ከአድራሹ ነው። ነገሩን በምናውቀው ላስረዳ። ከጅግጅጋ ወደ ሀርጌሳ በሚኒባስ ዕቃ የላከ ሰው ይህን ያውቃል። ለረዳቱ ስልክ ስትደውሉ «ደርሷል» ይላችኋል። ዕቃው በእርግጥ ደርሷል፤ ግን የደረሰው ከመቀመጫው ሥር ነው። ሚኒባሱ በመንገድ ቢገለበጥ «ደርሷል» የተባለው ዕቃችሁ አብሮ ይገለበጣል። የማሽኗ ፕሮሰሰርም እንደዚያ ረዳት ነው። ይህን መረጃ ወደማይረሳው ሜሞሪ ኮፒ አድርግ ሲባል፣ በአጠገቡ ባለችው ካሽ በምትባል ትንሽ ጓዳ ውስጥ ይከተውና «ጨርሻለሁ» ይላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋ በጓዳዋ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከኮፒው በኋላ «አድርስ፣ እስኪደርስም ንቅንቅ አትበል» የሚል ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል። ትእዛዟ ትንሽ ናት፤ ግን ጊዜ ትበላለች። የእኔ ሥራ ይህን ኮፒ ማፍጠን ነበር፤ ትልልቁን ጭነት በጓዳዋ ሳያልፍ በቀጥታ መስደድ፣ ጥቃቅኑን በልኩ አስሮ መላክ፣ «አድርስ» የምትለውንም ትእዛዝ በሚገባት ቦታ አንዴ ብቻ ማዋል። በዚህ ወራት ፈጅቼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አድርጌ አፍጥኜው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ያች ትእዛዝ ብቻዋን ምን ያህል ጊዜ እንደምትበላ ለመለካት ለጊዜው አነሳኋት። ፍጥነቱ ተተኮሰ። ሀጂ ሻይ ሊቀዱ መጥተው ኖሯል፤ ከጀርባዬ ቆመው የኮምፒውተሬን ማያ አዩ።

«ዶክተር፣ ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ለልኬት ያህል ነው ሀጂ። እውነተኛው ፍጥነት አይደለም።»

«የውሸት ነው?»

«የውሸትም አይደለም። ኮፒው እውነት ነው፤ መድረሱ ነው ያልተረጋገጠው።»

«አቦ፣ በዚህ ከተማ መድረሱ የተረጋገጠ ምን አለ?» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ማያውን ፎቶ አነሱ።

ያች ፎቶ ከእኔ ኮድ እጅግ በፈጠነ መንገድ ተጓዘች። ምሳ ከመድረሱ በፊት አው ጃማ ዘንድ ደርሳለች። አው ጃማ ወደ ውጭ የሚላኩ ፍየሎችና በጎች በከተማው ዳር አቆይተው የሚያስከትቡ ባለ ሀብት ናቸው። የእያንዳንዷ ፍየል ክትባት በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ መብራት ሲጠፋ መዝገቡ ይጠፋል፤ መዝገቡ ሲጠፋ ፍየሏ እንደገና ትከተባለች። ከሀጂ ጋር በስልክ ሲያወሩ በጅግጅጋ ገበያ የተማሩት አማርኛቸው እስከ እኔ ወንበር ይሰማ ነበር።

«ፍየሎቼ ሐኪሙን ሲያዩ ቆመው እግራቸውን ማንሳት ጀምረዋል። ለምደውታል። አንዷማ መርፌውን ካልወጓት አትተኛም።»

«አይዞዎት፣ እኛ ጋ እንኳን የማይረሳ፣ የሚፈጥንም አለ። ኢንሻአላህ ከሰሞኑ በአንዱ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ብቅ ይበሉና በዓይንዎ ይዩ» አሏቸው ሀጂ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ከገዛ እንቆያለን። ካልገዛ ማሽኗ ወደ ዱባይ፣ አንተ ወደ ጠመኔህ። ፍጥነቱን እንዳትነካብኝ።»

«ሀጂ፣ በዚያ ፍጥነት መብራት ቢጠፋ መረጃው...»

«መረጃውም እንዳይጠፋ።»

እንግዲህ ጭነቱን ሳያደርስ የሚፈጥን፣ አድርሶም የማይዘገይ ሚኒባስ ነበር የተፈለገው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልበል። በዚህች ከተማ ከአንዱ ሱቅ እስከ ሌላው «ፈጣን» ያልተጻፈበት ሰሌዳ አላየሁም፤ ሻዋርማው ፈጣን፣ ልብስ ሰፊው ፈጣን፣ ጥርስ ነቃዩም ፈጣን ነው። ቀጥ ብሎ የሚያደርስ እኔ ነኝ ብሎ የጻፈ አንድም የለም። ባጃጆቹ ብቻ ምንም ሳይጽፉ ይፈጥናሉ፤ እነሱም ቢሆኑ... ስለ ባጃጅ በመጨረሻው እመለስበታለሁ። ከረሳሁ አስታውሱኝ።

ያን ቀን እኩለ ቀን ሆነና እንደ አገሩ ልማድ ሁሉም ቢሮውን ዘግቶ ለምሳና ለእረፍት ወደየቤቱ ተበተነ። እኔም ሄድኩ። ቤቴ ደርሼ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደጎረስኩ ጥያቄው መጣ። ያችን ትእዛዝ መልሻታለሁ ወይስ አልመለስኳትም?

«የኢልሃም አባት፣ ምነው አፍህን ከፍተህ ቀረህ?» አለችኝ ዘይነባ።

ነገርኳት። እሷ ለሰፈሩ ሴት ልጆች ቁርኣን ታቀራለች፤ ኢልሃም ልጃችንም ተማሪዋ ናት። እኔ በዩኒቨርሲቲ መምህርነቴ ተመክቼ ሐሳቤን በሃይማኖታዊ መርሕ አስደግፌ አቀረብኩላት። «መርሑ እርግጥ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም ይላል። ትእዛዟ ከመጀመሪያው እዚያ እንደነበረች እርግጥ ነው። አሁን የሌለች መሆኗ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ አለች።»

«አንስቻታለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እርግጡ መነሳቷ ነው። መመለሷ ነው ጥርጣሬው። ለሶላት የታጠበው ውዱእ መፍረሱን የሚያውቅ ሰው መልሶ ማድረጉን ከተጠራጠረ ውዱእ የለውም። ይሄን ኢልሃም ታውቀዋለች።»

ኢልሃም ከቂጣዋ ቀና ሳትል በጭንቅላቷ አረጋገጠች። አንድን መርሕ በጥቅሜ በኩል ገልብጬ ስለያዝኩ አፍሬ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ «ኮድ ከሆነ ለምን ገልጠህ አታይም?» የሚል አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል። ጥያቄው ልክ ነው። ገለጥኩ። ቤታችሁን ቆልፋችሁ መውጣታችሁን ስትጠራጠሩ ተመልሳችሁ የወጥ ቤቱን በር ነካ ታደርጉና ክፍት ሆኖ ስታገኙት ትቆልፉታላችሁ። እኔም የገለጥኩት ኮፒው የሚያልቅበትን ቦታ ነበር፤ ትእዛዟ የለችም፤ ጻፍኳት። በማግስቱ ጥርጣሬው ሲመለስ የገለጥኩት ኮፒውን የሚያዘውን ክፍል ነበር፤ እዚያም የለችም፤ ጻፍኳት። ይህኛው የሳሎኑ በር መሆኑ ነው። በሦስተኛው ቀን አዛዡን የሚያዘውን ክፍል ገለጥኩና የግቢውን በር ቆለፍኩ። ውስዋስ የሚሉት የጥርጣሬ በሽታ የያዘው ሰው ውዱእ ሲያደርግ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ክንዱን ያጥባል፤ ይጠራጠራል፤ ደግሞ ያጥባል። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲበተን እሱ ገና ክርኑ ላይ ነው። እኔ ያን በሽታ ወስጄ ለማሽኗ አስተላልፌላት ነበር።

አው ጃማ በቀጠሮው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። በሂና የቀላ ጺማቸውን እያሻሹ በሀጂ ወንበር ተቀመጡ። ሀጂ በሌላው ወንበር፣ እኔና ሆዳን በቁም፣ ሻይ ማፍያው በባትሪው ላይ። ከእነዚህ ሁሉ የተረጋጋው ሻይ ማፍያው ነበር። እኔ ትእዛዟን መመለሴን እስከዚያች ሰዓት እርግጠኛ አልነበርኩም። ገልጬ ያየሁትን ማመን እችላለሁ፤ ማየቴን ግን ማመን አልቻልኩም። ገልጬ ያየሁት ኮድ ማሽኗ ውስጥ ያለው ነው ወይስ በራሴ ኮምፒውተር ላይ የቀረው?

«በሉ እንግዲህ» አሉ ሀጂ። «ፕሮፌሰር፣ የአው ጃማን ፍየሎች በሙሉ ወደማይረሳው ክፍል ኮፒ አድርግልን። አው ጃማ፣ ዓይንዎን እንዳያርገበግቡ፣ ያመልጥዎታል።»

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ።

አው ጃማ ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ቆዩ። አርገበገቡ። ሻይ ተቀዳላቸው። ጠጡ። ስለ ዝናቡ መዘግየት አነሱ፤ ሀጂ «ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉ። ስለ በርበራ ሙቀት አወሩ። ሁለተኛ ሻይ ተቀዳ። ፍየሎቹ በማያው ላይ አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ በጠባብ በር እንደሚያልፍ መንጋ፣ እያንዳንዷ ደፍ ላይ ቆማ የምታስብ ይመስል ነበር።

«ሀጂ» አሉ አው ጃማ በመጨረሻ፣ «ፎቶው ላይ ያለው ማሽን ይሄ ነው?»

«ራሱ ነው አቦ። ዛሬ... ለእርስዎ ሲል በጥንቃቄ እየሠራ ነው።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ ያዩኝ አስተያየት ጠመኔ ጠመኔ ይሸት ነበር።

ሆዳን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መምህሬ፣ ፍየሎቹን በእግራቸው ነው የምታመጣቸው?» አለችኝ።

አለቀ። ሀጂ ነገሩን ቶሎ ለመሸፈን የመብራቱን ገመድ በክብር ለአው ጃማ አቀረቡላቸው፤ ሪባን እንደሚቆርጥ ሹም። አው ጃማ ነቀሉት። ማያው ጠቆረ። ማቀዝቀዣው ተንፍሶ ዝም አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ልል ጀምሬ አንዱንም መጨረሻ ላይ ማድረስ አቃተኝ፤ እኔም እንደዚያች ካሽ ሁሉንም ጀምሬ በጓዳ ያስቀረሁ ሰው ነበርኩ።

ገመዱ ተመለሰ። ማሽኗ ተነሳች። ፍየሎቹ አሉ።

አው ጃማ ወደ ማያው ተጠጉ። «ጆሮዋ የተቀደደችዋ ነጭ?»

ሆዳን ፈልጋ አሳየቻቸው። ነበረች። ክትባቷም ነበር።

«ትናንት የገባው ወጠጤ?»

እሱም ነበር።

አው ጃማ ተመልሰው ተቀመጡ። «ሀጂ፣ በልጅነቴ ወተት እሸጥ ነበር። እየሮጠ የሚመጣ ወተት ሻጭ የሚያደርሰው ጄሪካኑን ነው። ይሄ ማሽንህ ቀርፋፋ ነው። ወተቱን ግን አደረሰ። ወስጃለሁ። ዛሬ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አዲስ መንጋ አስከትባለሁ፣ ምዝገባውን ከዚያው ሆነን እየላክን በእሱ እንጀምር።»

ሀጂ እስከ በሩ ሸኝተው ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት ነበር። «ዶክተር፣ አላህ ይባርክህ። ገዛ። አሁን ፍጥነቱን መልስልኝ። ሰውዬው ዛሬ ታግሷል፣ ነገ ሐኪሙ አይታገስም።» ይህን ብለው ሄዱ።

እኔና ሆዳን ኮዱን ከላይ እስከ ታች ገለጥን። የወጥ ቤቱም፣ የሳሎኑም፣ የግቢውም በር ተቆልፏል። ሦስቱንም የቆለፍኩት እኔ ነበርኩ። ከሦስቱም በታች፣ እያንዳንዷ ቃል በምትንቀሳቀስበት በኮፒው እምብርት ውስጥ፣ አራተኛ «አድርስ» ተቀምጣለች። ይቺን መጻፌን ጨርሶ አላስታውስም። ራስን አለማስታወስ በዚህ ደረጃ ከደረሰ ሐኪም ቤት መሄድ ሳይሻል አይቀርም እያልኩ ሳስብ ሆዳን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሷ የኔ ናት መምህሬ። ሀጂ ፎቶ ባነሱ ቀን፣ አንተ ለምሳ እንደወጣህ መልሼያታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር።»

እንዲያ ከሆነ ነግራኛለች ብዬ ወደ ማያው ዞርኩ።

ቀላል ሥራ ቀረን፤ ከአራቱ ሦስቱን አንስቶ አንዷን መተው። የትኛዋ ትቅር በሚለው ላይ ግን የአገር ጨዋነት መጣብን። «ያንቺ ትቅር» አልኳት፤ «ከሁሉ በፊት የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» እሷ ደግሞ «ተው መምህሬ፣ ያንተ ትቅር፤ ኮዱ ያንተ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ» አለች። «የለም፣ ሐቅሽ ነው።» «ወላሂ አይሆንም።» ሻይ ቤት ሒሳብ ለመክፈል እንደሚጓተቱ ሰዎች ሆንን። ክርክሩ ሳያልቅ የመግሪብ አዛን ተባለ። ሁለታችንም በየኮምፒውተራችን ላይ ጎንበስ ብለን አንድ ሁለት ነገር ነካካን፤ ሁለታችንም የነካነውን ብቻ ወደ ማሽኗ ላክን፤ ሁለታችንም ወጣን። እኔ ሰግጄ፣ ጫማውን ሁለቴ አረጋግጬ የራሴን ተጫምቼ፣ ባጃጅ ያዝኩ።

እነሆ ባጃጁ፤ እንዳልረሳሁት ልብ በሉልኝ።

ልቤ ሙሉ ነበር። ከሥራዬ አልወጣሁም፤ አእምሮዬ ቢሸሽም ጥርጣሬዬ ባለበት ጸንቶ አገልግሎኛል። ባጃጇ ወደ ኮድቡር ስትታጠፍ ሆዳን ደወለች።

«መምህሬ፣ ገባህ?»

«እየገባሁ ነው። ምነው?»

«እንዲያው ላመሰግንህ ብዬ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ ብንወጣም፣ ለክብርህ ብዬ የኔን አንስቼያታለሁ።»

ባጃጇ በጉድጓድ ላይ ነጠረች። እኔ ግን የነጠርኩት ከዚያ በፊት ነው።

«ሆዳን።»

«አቤት።»

«እኔም ላንቺ ክብር ስል ሦስቱንም የኔን አንስቻለሁ።»

ሁለት ጨዋዎች «አንተ ብላ፣ አንተ ብላ» ሲባባሉ ሥጋውን ድመት ይበላዋል የሚለው ነገር ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። እዚያች ቢሮ ውስጥ ማሽኗ አሁን የአው ጃማን መንጋ እንደ መብረቅ እየመዘገበች ነው። ሀጂ ፎቶ ያነሱላት ፍጥነት ተመልሶላታል።

«እንግዲህ» አለች ሆዳን በመጨረሻ፣ «መብራት ካልጠፋ ችግር የለም።»

ይህን ቃል ጨርሳ እንደሆነ አላውቅም። ከፊት ለፊታችን ያለው ሰፈርም፣ ከኋላችን የቀረው የቢሮው ሰፈርም ከዳር እስከ ዳር ድርግም አለ። ወዲያው ከየሱቁ በር ጄኔሬተሮች ማጉረምረም ጀመሩ። ባለ ሱቁ ጎረቤቴ በስልኩ መብራት ደጃፉ ላይ ቆሞ የእኔን ባጃጅ ሲያይ፣ ከልማዱ የተነሳ ይመስለኛል፣ «ገዝተሃል» አለኝ።

«ተመለስ» አልኩት ባለ ባጃጁን።

«ምን ረስተህ ነው አጎቴ?» አለኝ መሪውን እየጠመዘዘ።

«ጨዋነት አብዝቼ ነው» አልኩት።

አልገባውም፤ ግን አዞረ። ወደ ቢሮው በጨለማው ውስጥ ስንበር፣ ከከተማዋ ዳር በኩል፣ መርፌዋን ደግማ መወጋት የለመደች ፍየል በደስታ ስትጮህ የሰማሁ መሰለኝ። በእርግጥ መስማቴን አልምልም፤ የኔን ትዝታ ታውቁታላችሁ።